ሁለት «እሺ» ለአንድ ሻርክ

በታይዋን ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ተራራው ባሕሩን ሊገፋ ምንም ባልቀረው ሥፍራ፣ ፔሱዋ የምትባል ትንሽ ወደብ አለች። በዚያ ዘመን በፔሱዋ ጎ ቲያምሁን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የሚታወቀውም በሀብቱ ወይም በጉልበቱ ሳይሆን «እምቢ» ማለት ባለመቻሉ ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ «ጎንና ጎኑን ሙልጭ ላድርገው?» ሲለው «እሺ» ይላል፤ «አናቱንስ እንዳለ ልተወው?» ሲለውም «እሺ» ይላል። ከዚያ በኋላ ወሩን ሙሉ ጭንቅላቱ ላይ ጎድጓዳ ሳህን እንደ ደፋ ሰው ሆኖ ይከርማል። አንድ ዝናባማ ቀን ከአንዱ ሱቅ ጃንጥላ ገዝቶ ሲወጣ የማዶው ባለሱቅ «የእኔስ ምን ሆነ?» ብሎ በቅሬታ ቢያየው፣ ተሻግሮ ሁለተኛ ገዛ። ሁለቱም ሻጮች ቅር እንዳይላቸው ሁለቱንም ዘርግቶ፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ ይዞ፣ መንገዱን ሞልቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ያዩት ሰዎች ይህን ታሪክ ለልጆቻቸው አውርተዋል።

ሥራው የቋሚ መረብ አለቃነት ነበር። ቋሚ መረብ ማለት ከወደቡ ፈንጠር ብሎ ባሕሩ ውስጥ የተተከለ፣ እንደ ቤት ሳሎንና ጓዳ ያለው ትልቅ መረብ ነው። ዓሣው በር አገኘሁ ብሎ ይገባና መውጫው ይጠፋዋል። ሰዎቹም ማለዳ በጀልባ ሄደው መረቡን ከሥር እየሰበሰቡ ያወጡታል። ቲያምሁ በስም አለቃ ነው እንጂ በዚያች ጀልባ ላይ የሚታዘዘው እሱ ነበር። አንዱ «ወደ ቀኝ እንዙር» ቢለው «እሺ»፣ ሌላው «የለም፣ ወደ ግራ ነው» ቢለው «እሺ» ስለሚል ጀልባዋ ብዙ ጊዜ ባለችበት ትዞራለች።

እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ሳይዘረፍ ኖረ? ቢባል መልሱ ያለው ቤተ መቅደስ ነው። በወደቡ ራስጌ የባሕር እናት የምትባለው የሴት አምላክ የማዙ ቤተ መቅደስ አለ። እዚያ ሰው የቸገረውን ነገር ሲጠይቅ ሁለት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ቀያይ እንጨቶች መሬት ላይ ይጥላል። እንጨቶቹ አንድ ወገናቸው ጠፍጣፋ፣ ሌላው ወገናቸው ጎበጥ ያለ ነው። አንዱ በጠፍጣፋው ሌላው በጎባጣው ካረፈ እናት ማዙ «እሺ» ብላለች ማለት ነው። ሁለቱም ጎባጣቸው ወደ ላይ ከሆነ «እምቢ» ብላለች። ሁለቱም ጠፍጣፋቸው ወደ ላይ ከሆነ ግን ስቃለች ይባላል።

ቲያምሁ ታዲያ ሞተር ብስክሌቱን የሚለምነው፣ ዋስ ሁነኝ የሚለው፣ ዶሮ አሳድርልኝ የሚለው ሲበዛበት «ቆይ፣ እናታችንን ልጠይቅ» ይልና ወደ ቤተ መቅደሱ ይወጣል። እዚያም እናት ማዙ «እምቢ» እስክትል ድረስ እንጨቶቹን ይጥላል። «እሺ» ስትል አልሰማሁም ብሎ ይደግማል። «እምቢ» ስትል ግን ሦስት ጊዜ ሰግዶ ይወርድና «ምን ላድርግ፣ እኔ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር፤ እሷ አልፈቀደችም» ይላል። የቤተ መቅደሱ ጠባቂ፣ ኮ የሚባለው ሽማግሌ፣ «ቲያምሁ፣ አሮጊቷን ማድከም አይበቃህም?» ይለው ነበር። ቲያምሁም «እሺ፣ ይበቃኛል» ይልና በማግስቱ ይመለሳል።

ነገሩ በዚህ ሁኔታ ሲሄድ ኖሮ ዶክተር ዩ ፐይሊንግ ከዋናው ከተማ መጣች።

ፐይሊንግ ሻርክ የምታጠና ሴት ነበረች። ቀጭን ናት፤ ትልቅ የጎማ ቡትስ ታደርጋለች፤ ዓሣ ገበያው ውስጥ በርከክ ብላ ሰው የጣለውን የሻርክ ሆድ ዕቃ በሁለት እጇ እያገላበጠች «እንዴት ያምራል!» ትላለች። ምን እንደ በላ ለማወቅ ጨጓራውን ትከፍታለች። ዕድሜውን ለማወቅ ከአከርካሪው አጥንት ቆርጣ፣ በዛፍ ግንድ ላይ እንዳለው ያለውን ቀለበት ታያለች። በመጣች በሳምንቷ ቲያምሁ ደጃፍ ላይ ቆመች፤ በእጇ ክዳን ያልገጠመለት ባልዲ ይዛለች።

«አጎቴ፣ ማቀዝቀዣዎ ውስጥ ትንሽ ቦታ አይጠፋም?» አለችው።

ቲያምሁ ባልዲውን አየ። ቤተ መቅደሱን አየ፤ ሩቅ ነው። ባልዲው ደግሞ ይንጠባጠባል።

«እሺ፣ ልጄ» አለ።

«ትንሽ ቦታ» የተባለው ወር ሳይሞላው ማቀዝቀዣውን በሙሉ ወረሰ። ሚስቱ ሲውኪም ለአዲስ ዓመት ያስቀመጠችውን የአሳማ ሥጋ ፍለጋ እጇን ስትሰድ አንድ ከረጢት ሙሉ የሻርክ ጨጓራ ይዛ ወጣች።

«አንተ ሰውዬ! ይህ ቤት ነው ወይስ የሬሳ ክፍል?»

«እሷ እኮ ትንሽ ቦታ ብላ…»

«አንተስ ምን አልካት?»

ቲያምሁ ከረጢቱን ተቀብሎ ወደ ማቀዝቀዣው መለሰ። ምን እንዳለ ሲውኪም ታውቃለች፤ ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራለች።

ከዚህ የባሰው ሌላ ቀን መጣ። ሲውኪም ከሻርኮቹ ከረጢቶች አንዱን የራሷ መስሏት አውጥታ፣ ውስጡ ያለውን ስኩዊድ፣ ያን ብዙ እጅ ያለውን የባሕር እንስሳ፣ በዝንጅብል ሾርባ ሠራችው። ምሳ ሰዓት ፐይሊንግ ደረሰችና ተጋበዘች። ሁለት ሳህን ጠጥታ «አክስቴ፣ እጅዎ ይባረክ» ብላ አመሰገነች። ከዚያም ማቀዝቀዣውን ከፍታ ቆማ ቀረች።

«አክስቴ… እዚህ ዳር የነበረው ከረጢትስ?»

«የትኛው? ስኩዊዱ?» አለች ሲውኪም ማንኪያውን እንደያዘች።

«እሱ እኮ ከመዶሻ ራስ ሻርክ ሆድ የወጣ ነው።»

ሦስቱም ድስቱን አዩት። በመጨረሻ ቲያምሁ በትሕትና «ሻርኩ መራጭ ነበር ማለት ነው፤ ጥሩ ስኩዊድ ነው» አለ። ፐይሊንግ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች። ሲውኪምም መጀመሪያ ሳትፈልግ ቀጥሎም ፈልጋ ሳቀች፤ ከዚያን ቀን ወዲያ ማቀዝቀዣውን ለልጅቷ ለቀቀችላትና የራሷን ሥጋ ጎረቤት አስቀመጠች።

የጀልባዋ ነገርም እንዲሁ ነው። ፐይሊንግ «አብሬ ልውጣ» ስትለው ቲያምሁ «እሺ፣ ነይ» አላት። ከመረቡ ሠራተኞች ጉልበታሙ ካቻው፣ ከደሴቲቱ ነባር ሕዝብ ከአሚስ የሆነው፣ «አለቃ፣ ሴት ጀልባ ላይ ከወጣች ዓሣ ይሸሻል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንዳትመጣ» ሲለውም «እሺ፣ አትመጣም» አለው። በማግስቱ ማለዳ ፐይሊንግ የጎማ ልብስ ለብሳ፣ አፏን በጨርቅ ሸፍና፣ ከሰው መሐል ቁጭ አለች።

ካቻው ትኩር ብሎ አያትና «አለቃ፣ ሴት አትመጣም አላልክም?» አለ።

«ሴት የታለች? ዶክተር ናት እንጂ» አለ ቲያምሁ ወደ ባሕሩ እያየ።

የዚያን ቀን መረቡ ቦኒቶ በሚባለው ዓሣ ተጨናንቆ ገመዱ ሊበጠስ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ካቻው ለሰው ሁሉ «እኔ ነኝ የጋበዝኳት» ይል ነበር።

ልጅቷ ግን ልቧ ያለው በቦኒቶው ላይ አልነበረም። የምትፈልገው የባሕሩን ሁሉ ግዙፍ ዓሣ፣ ዓሣ ነባሪ ሻርክ የሚሉትን ነው። የወደቡ ሰው ግን ቶፉ ሻርክ ይለዋል፤ ሥጋው ከአኩሪ አተር እንደሚሠራው ቶፉ ነጭና ለስላሳ ስለሆነ ነው። ያኔ መያዝ የሚከለክል ሕግ አልወጣም ነበር። በየዓመቱ ዝናቡ ሲጀምር አንድ ሁለት እየሆነ መረቡ ውስጥ ይገባል፤ ምግብ ቤቶችም ይሻሙበታል።

አንድ ቀን መረቡ እስኪሳብ ሲጠብቁ ፐይሊንግ ለቲያምሁ ስለዚሁ ዓሣ አጫወተችው። አፉ ሰው ቢያስገባም የሚበላው ከውኃው የሚያጣራውን ጥቃቅን ነገር ነው፤ ጥርሱ ከሰሊጥ ብዙም አይበልጥም። እዚህ መረብ የሚገቡት ደግሞ ገና ልጆች ናቸው።

«ልጆች? ያ ከጀልባዬ የሚረዝመው?» አለ ቲያምሁ።

«አዎ። እናቶቻቸው የት እንደሚኖሩ ማንም አያውቅም፣ አጎቴ። ከጥቂት ዓመት በፊት አንዲት እርጉዝ እዚሁ ጠረፍ ላይ ተይዛ ነበር። ከሆዷ ሦስት መቶ ያህል ግልገል ወጣ።»

ቲያምሁ ደነገጠ። «ሦስት መቶ ልጅ አንድ ላይ "አባባ ግዛልኝ" ሲል አባትየው ምን ብሎ ይመልሳል?»

«አባትየውም የት እንደሚገኝ አይታወቅም።»

«ብልህ ነው!» አለ ቲያምሁ ከልቡ።

ያን ጊዜ ፐይሊንግ የመጣችበትን ነገር አወጣች። ዋናው ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲዋ ጠርሙስ የሚያህል መሣሪያ ሰጥቷታል። ይህ መሣሪያ በክር ከሻርኩ ጀርባ ላይ ይሰካል፤ ዓሣው ወደ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር ያለበትን ቦታ ለሳተላይት ይናገራል። እነዚህ ልጆች ከዚህ ወዴት እንደሚሄዱ ካልታወቀ ማንም ሊጠብቃቸው አይችልም። መሣሪያው አንድ ብቻ ነው፤ የዝናቡም ወቅት አጭር ነው።

«አጎቴ፣ ዘንድሮ መጀመሪያ የሚገባውን ለእኔ ይስጡኝ። እንሰካበትና እንልቀቀው። ቃል ይገቡልኛል?»

«እሺ» አለ ቲያምሁ። ያን ጊዜ ከልቡ ነበር።

ከልቡ የነበረ ሌላ «እሺ» ደግሞ ከአሥር ቀን በኋላ ወጣ። ሎ ቡንሃይ የቲያምሁ የመሐላ ወንድም ነው፤ ጎረምሶች ሳሉ በማዙ ፊት ከአንድ ጽዋ ጠጥተው ወንድማማች ሆነዋል። አሁን በመንገዱ ዳር ትልቁ የዓሣ ምግብ ቤት የእሱ ነው። ድምፁ ከአንድ ሰፈር ሌላ ሰፈር ይሰማል። ልጁን ሊድር ነው፤ በጥሪው ካርድ ላይ ሳይቀር በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ቶፉ ሻርክ እንደሚቀርብ አሳትሟል።

«ታላቅ ወንድሜ!» አለ ቡንሃይ ትከሻውን እየደበደበው፤ «ልጄ ልጅህ ናት። ዘንድሮ መጀመሪያ የሚገባው የሰርጉ ነው፤ ጨረስን?»

ቲያምሁ አፉን ከፈተ። ፐይሊንግን አሰበ። የቡንሃይን ፊት አየ፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራል።

«እሺ» አለ።

የመረቡ ባለቤት ከተማ የሚኖር ሰው ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም ምግብ ቤቱም የሚከፍሉት እኩል ስለሆነ «እናንተው ጨርሱት» ብሎ ተወው። ስለዚህ ነገሩ ገንዘብ አልነበረም። አንድ ዓሣ፣ ሁለት እሺ ነበር። ቲያምሁም «ምናልባት ሁለት አብረው ይገቡ ይሆናል» እያለ ራሱን እያጽናና ከረመ።

ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ ገባ።

ማለዳ ነው፤ ባሕሩ ረግቷል። ካቻው ገመዱን ሲስብ ከሥር ሰፊ ጥላ ተንሳፈፈ፤ ነጫጭ ነጠብጣብ የተዘራበት ጀርባ ታየ። ካቻው «አለቃ፣ የዶክተሯ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ከኋላ የተቀመጠው ደግሞ «የሰርጉ መጣ!» አለ። ሁለቱም ወደ ቲያምሁ ዞሩ። ቲያምሁ «እሺ፣ ለነገ እዚያው ይቆይ» አለ። ዓሣው መረቡ ውስጥ በሕይወት ይቆያልና እዚያው ተዉት።

ወደቡ ሲደርሱ ግን ወሬው ቀድሟቸዋል። ፐይሊንግ በአንድ በኩል ቆማ እጇን ታውለበልባለች፤ ቡንሃይ በሌላ በኩል ክንዱን ዘርግቷል።

«አጎቴ፣ አመሰግናለሁ!»

«ታላቅ ወንድሜ፣ አላሳፈርከኝም!»

ቲያምሁ ለሁለቱም ራሱን ነቅንቆ ቤቱ ገባ። ሲውኪም ወሬውን ሰምታ በር ላይ ትጠብቀዋለች።

«ለሁለቱም ቃል ገብተሃል አሉ፤ እውነት ነው?» አለችው።

«እ… አዎ።»

«እንግዲያው የትኛውን ግማሽ ነው የምትለቁት? የራሱን ወይስ የጅራቱን?»

ቲያምሁ ምሳውን ሳይበላ ወደ ቤተ መቅደሱ ወጣ።

ሽማግሌው ኮ መጥረጊያውን ይዞ ደጁ ላይ ነበር። ሲያየው «ዛሬ ደግሞ ማን ምን ለመነህ?» አለ። ቲያምሁ ሳይመልስ ተንበረከከ፤ እጣኑን ተከለ፤ እንጨቶቹን በሁለት እጁ ይዞ በሹክሹክታ «እናታችን፣ ልጅቷን እምቢ ልበላት?» ብሎ ጣለ።

ሁለቱም ጠፍጣፋቸው ወደ ላይ ሆነ። እናት ማዙ ሳቀች።

ቲያምሁ ጥያቄው አልተጣራም ብሎ አሰበ። «ቡንሃይን እምቢ ልበለው?» ብሎ ጣለ። ሳቀች።

ቅርጫት የያዙ ሁለት ሴቶች ገብተው ነበር፤ ቀስ ብለው ተጠጉ። ቲያምሁን ላብ አጠመቀው። «ሁለቱንም እሺ ልበላቸው?» ሳቀች። «ዛሬ ማታ ዓሣው በራሱ ያመልጥ ይሆን?» ሳቀች። በመጨረሻ ድምፁን እጅግ ዝቅ አድርጎ «ነገ ጠዋት ሆዴን ያመኝ ይሆን?» ብሎ ጣለ። አንደኛው እንጨት ተሽከርክሮ፣ ተንከባልሎ፣ ጎባጣው ወደ ላይ ሊሆን ሲል ተመልሶ በጀርባው ተኛ። ሳቀች።

አሁን ሴቶቹም ይስቃሉ፤ ደጅ የነበሩ ልጆችም ገብተው ይስቃሉ። ሽማግሌው ኮ መጥረጊያውን ተደግፎ ዕንባውን እየጠረገ ነው።

«ጋሽ ኮ፣ ምን ማለቷ ነው?» አለ ቲያምሁ ተጨንቆ።

«ምን ማለቷ እንደሆነ ጠፋህ?» አለ ኮ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስድቡን ለሷ እየሰጠህ ምርቃቱን አንተ ወሰድክ። ሰው ሁሉ "ቲያምሁ ደግ ነው፤ እናት ማዙ ናት ክፉዋ" ይላል። ዛሬ በቃኝ እያለችህ ነው። እንጨቶቹን መልሳቸው፣ ልዘጋ ነው።»

በማግስቱ ማለዳ ጀልባዋ ከወትሮው በላይ ከብዳ ወጣች። ፐይሊንግ መሣሪያውን በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ አስራ ከፊት ተቀምጣለች። ቡንሃይ ደግሞ «የራሴን ዓሣ በዓይኔ አያለሁ» ብሎ አዲስ ጫማውን አድርጎ ከኋላ ተሳፍሯል። ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ሲሸጥ የኖረው ቡንሃይ ለካ ባሕር ላይ ወጥቶ አያውቅም! ገና ከወደቡ ሳይርቁ ድምፁ ጠፋ። ቀጥሎ ፊቱ የጎመን ቅጠል መሰለ።

መረቡ ላይ ደረሱ፤ ካቻውና ሌሎቹ ገመዱን እየሳቡ ክፍሉን አጠበቡት። ሻርኩም ከሥር ወጣ። ጥቁር ጨርቅ ላይ ሩዝ የተበተነ ይመስላል። የጀልባዋን ጥግ ጥግ ይዞ፣ ሳይቸኩል፣ ሸንጎ እንደሚሄድ ሽማግሌ እየተንጎራደደ ዞረ። ቲያምሁ በሥራ ዘመኑ ብዙ ቶፉ ሻርክ አይቷል፤ ያያቸው ግን በመንጠቆና በቢላዋ መካከል ነው። ዛሬ ምን እንደሚያደርግ ስላልወሰነ ዝም ብሎ አየው። ዓይኑ ትንሽ ነው። በዚያች ትንሽ ዓይን መረቡን ቀስ እያለ ይመለከታል፤ የተቆጣም የፈራም አይመስልም። ሰው ለምን እንደተሰበሰበበት ገና አልተነገረውም።

በዚህ መካከል ቡንሃይ አልቻለም፤ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተደፍቶ የጠዋቱን የሩዝ ገንፎ በሙሉ ለባሕር ሰጠ። ሻርኩ ጥቂት አሰበ። ከዚያም ዞር ብሎ፣ ያን እንደ ጎተራ በር ያለ አፉን ከፍቶ፣ ገንፎውን ከነውኃው ሳበው።

ሰዎቹ ሁሉ ገመዱን እንደያዙ ወደ ቡንሃይ ዞሩ።

«ሰርጉ ሳይደርስ እንግዳው በላ!» አለ ካቻው።

ፐይሊንግ ከፊት ተንጠራርታ «አሁን ምን አደረገ? አያችሁት? ወደ ምግቡ በየት በኩል ዞረ?» ትላለች። ቡንሃይ አፉን በእጅጌው ጠርጎ ቀና አለ፤ በንዴት ፊቱ ደም መሰለ።

«ታላቅ ወንድሜ! መንጠቆውን አስወርድ፤ ይህን ነገር ጨርሰህ ወደ መሬት መልሰኝ!»

«አጎቴ፣ ቃል ገብተውልኛል» አለች ፐይሊንግ ቀስ ብላ። ዘንጓን አጥብቃ ያዘች። «ይህ ካለፈ ዘንድሮ ሌላ ላይመጣ ይችላል።»

«ለሷም ቃል ገብተሃል?» አለ ቡንሃይ። «ግድ የለም። እኔን ከጎረምሳነታችን ጀምሮ አንድ ቀን እምቢ ብለኸኝ አታውቅም፤ ዛሬም አትልም። ካቻው፣ መንጠቆውን!»

ካቻው ገመዱን በሁለት እጁ እንደያዘ «አለቃ፣ አንድ ነገር በል፤ ክንዴ ሊገነጠል ነው» አለ።

ቲያምሁ ወደ ተራራው አየ፤ ቤተ መቅደሱ ከዚህ አይታይም። አፉን ከፈተ፤ ዘጋ፤ እንደገና ከፈተ። ሻርኩ ከጎኑ አልፎ ውኃውን ጫማው ላይ ረጨበት።

«አይሆንም» አለ።

እሱ ራሱ ደንግጦ ማን እንደተናገረ ለማየት ዞረ። ፐይሊንግ ዘንጓን እንደያዘች ደረቀች። ቡንሃይም ደረቀ።

«ለማን ነው?» አለ ካቻው።

ቲያምሁ ሻርኩን አየ፤ ቀጥሎ ቡንሃይን አየ። ይህን ገና አላሰበበትም ነበር።

«ላንተ ነው፣ ቡንሃይ» አለ በመጨረሻ። «አንተ ብትቆጣ ነገ ደጄ ድረስ መጥተህ ትሰድበኛለህ፤ ከነገ ወዲያም ትሰድበኛለህ፤ እሰማሃለሁ። ይህ ከታረደ በኋላ ግን… ወዴት ይሄድ እንደነበር ማንን እጠይቃለሁ? ማወቅ እፈልጋለሁ። እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ወንድሜ።»

ቡንሃይ ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ማዕበሉ ከጎን መጣና እንደገና ጠርዙ ላይ ተደፋ። ሻርኩም እንደገና መጣ።

ፐይሊንግ ሐሳባቸውን እስኪቀይሩ አልጠበቀችም። ዘንጓን ይዛ ከነልብሷ ውኃው ውስጥ ገባች። ካቻው መለኪያውን ገመድ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ዘረጋላት፤ እሷም ጠልቃ ሆዱን አየችና ስትወጣ «ወንድ ነው! ገና ልጅ!» አለች። ከዚያም ከጀርባው ክንፍ ሥር መሣሪያውን ሰካችበት። ሻርኩ ትከሻው ላይ ዝንብ ያረፈበት ያህል አንድ ጊዜ ሰበቅ አለ። ሰዎቹ የመረቡን ጠርዝ ወደ ውኃው ውስጥ ገፍተው አሰመጡለት። ደጃፉ ላይ ደርሶ ትንሽ አመነታ፤ ሊወጣ፣ ሊመለስ፣ ሊወጣ ሆነ። ካቻው «ይሄስ ካለቃችን ጋር ዘመድ ነው» አለ። በመጨረሻ ወጣ፤ ያቺ ጠርሙስ የምታህል ነገር ከኋላው እየተጎተተች ወደ ሰማያዊው ውኃ ገባች።

ወደቡ ሲደርሱ ቡንሃይ ማንንም ሳይሰናበት ወርዶ ሄደ።

ቲያምሁ ቤቱ ገብቶ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። «እምቢ አልኩ» አላት ሚስቱን።

«ለማን?»

«ለቡንሃይ።»

ሲውኪም ማንኪያውን አስቀምጣ ግንባሩን በእጇ ዳሰሰች፤ ትኩሳት የለውም። ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «እስቲ ለእኔም አንድ ጊዜ እምቢ በለኝ፤ ልስማው።»

«እሺ» አለ ቲያምሁ።

ሰርጉ ደረሰ። በጥሪው ካርድ ላይ ቶፉ ሻርክ ተብሎ በታተመው ፈንታ ቡንሃይ እውነተኛውን ቶፉ አቀረበ፤ ከሽንኩርት ጋር። እንግዳው አጉረመረመ። ቲያምሁና ሲውኪም የመሐላ ወንድም ቤተሰብ እንደመሆናቸው ከፊት መቀመጥ ሲገባቸው፣ ከድንኳኑ መጨረሻ፣ ሳህን ከሚታጠብበት ገንዳ አጠገብ ተሰጣቸው። ሳህን አጣቢዋ በረጨች ቁጥር ቲያምሁ ይርሳል። ቡንሃይ ጠረጴዛውን ሁሉ እየዞረ ጽዋ ሲያነሳ እነሱ ጋ ሳይደርስ ተመለሰ። ያን ቀን ቲያምሁ ምግቡን አልቀመሰም። አርባ ዓመት ያህል አብረው የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። ከዚያ ፐይሊንግ ካርታ ይዛ መጣች። ሻርኩ በደቡብ በኩል ወርዶ፣ ወደ ፊሊፒንስ ደሴቶች የሚወስደውን ባሕር ይዟል። ቲያምሁ ካርታውን ዓሣ ገበያው ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ሰው ተሰበሰበ። ፀጉር አስተካካዩ «ፓስፖርት አለው?» ይላል፤ ካቻው በጣቱ መንገዱን እያሳየ «ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ» ይላል። ከኋላ አንድ ከፍ ያለ ድምፅ መጣ።

«እስቲ ዞር በሉ! የእኔ ዓሣ የት ደረሰ?»

ቡንሃይ ነበር። ወደ ቲያምሁ አላየም፤ ካርታውን ብቻ አየ።

«ያንተ ከመቼ ወዲህ?» አለ ካቻው።

«የበላው የማንን ቁርስ ነው? ያንተን? እኔ ነኝ ለመንገዱ የሰነቅኩት!»

ከዚያን ቀን ወዲያ ቡንሃይ በየሳምንቱ ይመጣል። በምግብ ቤቱ ለተቀመጠው እንግዳ ሁሉ «የእኔ ዓሣ ትናንት ፊሊፒንስ ውኃ ውስጥ ነበር» ይላል። እንግዳው ቶፉ ሻርክ ቢያዝ «የለም፤ ጉዞ ላይ ነው» ይላል። ከቲያምሁ ጋር መነጋገር የጀመሩት እንዴት እንደሆነ ማንም አላስተዋለም። አንድ ቀን ካርታው ፊት ጎን ለጎን ቆመው፣ ሻርኩ ለምን ወደ ኋላ እንደተመለሰ ሲከራከሩ ታዩ።

በአራተኛው ወር የመሣሪያው ምልክት ቆመ። ፐይሊንግ ክሩ ተቆርጦ መሣሪያው ብቻውን እየተንሳፈፈ መሆኑን ነገረቻቸው።

«ሞተ ማለት ነው?» አለ ቡንሃይ፤ ድምፁ የወትሮው አልነበረም።

«አይ አጎቴ፣ አልሞተም። የት እንዳለ አናውቅም እንጂ እየዋኘ ነው።»

ቡንሃይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ብዙ ሰዓት ካርታውን ሲያይ ቆይቶ ወደ ቲያምሁ ዞረ።

«ታላቅ ወንድሜ፣ ዩኒቨርሲቲዋ ሌላ መሣሪያ ይሰጣት ይሆናል። ለሚመጣው ዝናብ መጀመሪያ የሚገባው የእኔ ይሁን። አልበላውም! እንሰካበትና እንለቀዋለን፤ ግን የእኔ ይባል። ቃል ግባልኝ።»

ሰው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። ቲያምሁ ሻዩን ፉት አለ፤ ጽዋውን አስቀመጠ።

«አይሆንም» አለ። «የሚመጣው የካቻው ነው። ክንዱ እስካሁን ያመዋል።»

«እሺ» አለ ቡንሃይ።